ልጁ መድረክ ላይ ይታይ ወይስ ድምፁ ብቻ ይሰማ?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እኔ ደራሲ አይደለሁም። ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ግን እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ማታ የምንሰባሰብ ስምንት ሰዎች አለን። ሁለቱ አገር ቤት እያሉ በቀበሌ ኪነት ያለፉ ናቸው፣ ሌሎቻችን እንዲሁ ቴአትር ነፍሳችን ነው። ለእንቁጣጣሽ የአንድ ሰዓት ጨዋታ እናሳይ ተባለና ድርሰቱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔም የማውቀውን ልጻፍ ብዬ የቤቴን ጉድ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ወንድ ልጄ ስምንት ዓመቱ ላይ ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር አለበት ተባለ። አሁን አሥራ አንድ ሊሞላው ነው። የጻፍኩት ያንን የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣው ደብዳቤ፣ «ዛሬም ከወንበሩ ተነሣ»፣ «ዛሬም የጓደኛውን እርሳስ ወሰደ»፣ ሥራ ቦታ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሆዴ ሲገላበጥ፣ ባለቤቴ «ወንድ ልጅ ነው፣ ተዪው» ሲል፣ ከደሴ የመጣችው እናቴ ደግሞ «ቀልቡን የሰረቀው ነገር አለ፣ ጠበል ይጠመቅ» ስትል። ሐኪሟ ቅጽ ስትሰጠን። መድኃኒቱን ከፋርማሲ ተቀብለን መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሳንነጋገር ስንቀመጥ።

ባለፈው ቅዳሜ ጮክ ብለን አነበብነው። ልጁን የሚጫወተው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ያስኬዳል ብለን። ሶፋ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ብርጭቆ ገለበጠ፣ የአያቱን መነጽር አድርጎ ዞረ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ስጽፈው አንዱም ቦታ ላይ አልሳቅኩም ነበር። ቤት ስደርስ ባሌን «ልጃችንን መቀለጃ አደረግኩት» ብዬው አለቀስኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልጁ ይታይ ወይስ አይታይ? ከታየስ ማን ይጫወተው? ሁለተኛ፣ ነገሩን በአማርኛ ምን ልበለው? «የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር» ወረቀት ላይ ያምራል፣ ግን ባልና ሚስት ሲጣሉ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሦስተኛም ነበረኝ፣ ረሳሁት። ከልጄ ተጋብቶብኝ ይሆናል።

መጋረጃ

እህቴ፣ ሰዉ መሳቁ አይግረምሽ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቴአትር ተምሬ ሃያ ዓመት ገደማ መድረክ አካባቢ ኖሬአለሁ፣ ባብዛኛው ከመጋረጃ ጀርባ። የኛ ተመልካች ትልቅ ሰው ልጅ ሆኖ ሲገባ ካየ አለቀ፣ ሳቁን ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። ስንት የበዓል ፕሮግራም ላይ ቁምጣ ያጠለቀ ጎረምሳ እያየ ነው ያደገው። ተዋናዩ የፈለገ ጎበዝ ይሁን፣ ሶፋው ላይ በወጣበት ደቂቃ ኮሜዲ ሆነ። እውነተኛ ልጅ ብታስገቢ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰዉ «ውይ ሲያምር» እያለ ታሪኩን ይረሳዋል፣ ልጁም በሦስተኛው ጥናት ይሰለቸዋል።

አታሳዪው። ድምፁ ብቻ ይሰማ።

ይሄን የምልሽ ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እዚያው አሜሪካ ልክ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ «ዲስትራክትድ» የሚባል ቴአትር አለ፣ ደራሲዋ ሊሳ ሉመር ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሎስ አንጀለስ፣ ማርክ ቴፐር ፎረም ታየ፣ በ2009 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሲንቲያ ኒክሰን እናትየዋን ሆና ተጫወተችው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው፣ አባትና እናት የሚነታረኩት በእሱ ነው፣ ግን ጨዋታው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ከጓዳ የሚመጣ ጩኸት ብቻ ነው። እናትየዋ መጀመሪያ ላይ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ልትረጋጋ ትሞክራለች፣ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጁ ድምፅ ግን አላስቀምጥ ይሏታል። እንግዲህ ቀልቡን ያጣው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ቤቱ? እኔ ስለዚያ ቴአትር ሳስብ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ድምፁን ብቻ የሰማ ተመልካች ደግሞ መልኩን ከራሱ ቤት አምጥቶ ይሞላዋል፣ የራሱን ልጅ፣ የወንድሙን ልጅ።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ድምፁን ቀድታችሁ በስፒከር አታሰሙት። የተቀዳ ድምፅ ሳቅ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ተዋናይቱ ቃል ብትስት አያድናትም። ያ ቀጭኑ ልጅ ከጎን ቆሞ በቀጥታ ይናገር። ከጎን ደግሞ ዕቃ ይወርወር። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ትዕይንት አንድ እግር የልጅ ጫማ እወረውራለሁ። ጠዋት ነው፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊመጣ ነው፣ ሌላኛው እግር የለም። እናትየዋ ሰዓቱን ሙሉ እያወራች፣ እየተጣላች፣ ቅጽ እየሞላች ያንን ጫማ ትፈልጋለች። ስለ ልጁ ከዚህ በላይ ምን ማሳየት ያስፈልጋል?

ጌቾ ቨርጂኒያ

ስለ መድረኩ አላውቅም፣ ቴአትር ከገባሁ ዘመን አልፎኛል። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ። አባትየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍሽው። «ወንድ ልጅ ነው፣ ተዪው።» አለቀ። አንቺ ሆድሽ ሲገላበጥ አየን፣ እናትሽ ጠበል አሉ፣ እሱ ግን ግድግዳ ነው።

እኔ ያ አባት ነኝ። የኔዋ ሴት ልጅ ናት፣ ግን ነገሩ ያው ነው። አልፈልግም ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ሚስቴ እስከዛሬ «አንድ ዓመት አስበላኸን» ትለኛለች። እና ለምን አልፈልግም አልኩ? ስንፍና አይደለም። እኔ አገር ቤት ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ረባሽ ተብዬ ስሜ ሰሌዳ ላይ የማይጠፋበት ቀን አልነበረም። ስም አንዴ ከወጣብህ አይለቅህም፣ ሌላ ልጅ ሲያፏጭም የሚንበረከከው ያው አንተ ነህ። እና አሜሪካ አምጥቼ፣ ጥቁር ልጅ ላይ፣ ያውም በወረቀት፣ ያውም ፊርማዬን አድርጌ ስም ላወጣ ነው? ይሄ ነው ያስፈራኝ። ለሚስቴ ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኳትም፣ «ልጅ ናት ተያት» ነው ያልኩት። ወንድ ስንባል እንዲህ ነን መሰለኝ፣ የፈራነውን አንናገርም፣ አጭሯን እንወረውራለን።

መድኃኒቱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን የተቋጠረላት ምሳ እንዳለ ይመለስ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ረሃቧ የሚመጣው። እና ደግሞ ማዘዣው አንዴ ተጽፎ ዓመት የሚያስኬድ አይደለም፣ በየወሩ አዲስ ነው የሚጻፈው፣ ቁጥጥር ስላለበት። እኔ ኡበር እየነዳሁ ስንቴ ለሐኪሙ ቢሮ ደውዬ መስመር ላይ ቆሜአለሁ። እንዲህ ያለውን አስገቢው፣ ሰዉ «ኪኒን ሰጥተው ተገላገሉ» እንዳይል።

አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ደህና ናት። ግን አባትየውን አታሳንሺው።

ጋሽ ታዛቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ የአሜሪካ በሽታ ነው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቀዥቃዣ ልጅ ካለ ኩርኩም አለ፣ አርጩሜ አለ፣ ይስተካከላል። አሁን ለሁሉም ስም እየፈለጋችሁ ልጆቹን መድኃኒት ታጎርሷቸዋላችሁ። ቴአትሩን እንደሆነ ሥሩት፣ ልጁ ግን ይታይ፣ ሰውም ይሳቅ። ሳቅ ምን አደረጋችሁ?

ነርስ ከአዲስ አበባ

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ አሜሪካ አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የሚባል የልጆች ሐኪም ለንደን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ንግግር ሲያደርግ፣ አእምሯቸው ደህና ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግዛት ስላቃታቸው ልጆች ተናግሮ ነበር። በእናንተ ጊዜም ነበሩ፣ እርስዎም ያውቋቸዋል። ከአራተኛ ክፍል የቀሩት ናቸው። ኩርኩሙ አላስተካከላቸውም፣ ከክፍል ነው ያወጣቸው።

የኔ እህት፣ እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ልጆችም ትልልቆችም እናያለን። ድርሰትሽን ባላየውም ሰው በዚህ ጉዳይ ሲጽፍ የሚስታቸውን ነገሮች አውቃለሁና ልንገርሽ።

ሐኪሟ በአሥር ደቂቃ አይታው «አለበት» እንዳትል። የደም ምርመራ የለውም፣ የጭንቅላት ፎቶ አንስቶ የሚያሳይም የለም። የሚታወቀው በመጠየቅና በመከታተል ነው። ምልክቶቹ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩና ከአንድ በላይ ቦታ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ቤት ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ክፍል ብቻ ከሆነም እንደዚያው። ጆሮው ይሰማል ወይ፣ ዓይኑ ያያል ወይ፣ ሌሊት ይተኛል ወይ የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

መድኃኒቱን ደግሞ «ከወር በኋላ ልጁ ተለወጠ» ብለሽ እንዳታሳዪ። እንደ ሪታሊን ያለው አጭሩ ዓይነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቃል። ጊዜ የሚወስደው ለልጁ የሚስማማውን መጠን ማግኘቱ ነው። ልጁ ፈዞ ሐውልት ከሆነባችሁ ያ መዳን አይደለም፣ መጠኑ ወይ መድኃኒቱ አልተስማማውም ማለት ነው፣ ለሐኪሙ ይነገራል። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ወላጆችን ማሠልጠን ነው።

አያትየዋን የሞኝ አታስመስያት። እኛ ጋ ጠበሉንም ኪኒኑንም አብሮ የሚያስኬድ ቤተሰብ ሞልቷል። መድኃኒቱን አቋርጡ እስካልተባሉ ድረስ እኛ ምንም አንልም። በየጠዋቱ ልጁን ይዛ ጸበል ቦታ ወረፋ የምትቆም አያት ከልጁ ጋር ሁለት ሰዓት ቆየች ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ ማን ይሰጠዋል?

እና ከቻልሽ አንድ ቦታ ላይ የማትረብሽ ሴት ልጅ አንሺ። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የምትፈዝ፣ ማንንም የማትነካ፣ ደብተሯ ባዶ የሆነ። እሷም ይኸው ችግር ሊኖርባት ይችላል፣ ግን ስለማትበጠብጥ ማንም ወደ እኛ አይልካትም። አዲስ አበባ ላይ ሰው ኦቲዝምን እያወቀ መጥቷል፣ ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከከፈተች ወዲህ በየሚዲያው ስትጮህ ኖራለች። ይሄኛው ግን ገና እንደ ባለጌነት ነው የሚታየው። አንዳንዴም ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ አሉ፣ አንድ አይደሉም።

የረሳሁት፣ ሐኪሟ የሰጠቻችሁ ቅጽ ቫንደርቢልት የሚባለው ከሆነ እሱ ራሱ ቴአትር ነው። የወላጁ 55 ጥያቄ አለው፣ የአስተማሪው 43። «በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ በጣም ብዙ ጊዜ» ከሚሉት አንዱን ማክበብ ነው። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው «አንዳንዴ» ነው «ብዙ ጊዜ» ነው ሲከራከሩ አስቢው። ስለ ልጁ ያልተነጋገሩት ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ይወጣል።

ጋሽ ታዛቢ

አራተኛ ክፍል ስትዪ አንድ ወንድም ነበረኝ። ይሁን፣ አልጨቃጨቅም።

ከነታንያ

ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ሪታሊን የቤት ስም ነው፣ ዕድሜ ለአስተማሪዎች። ልጅህ ሁለቴ ከወንበሩ ከተነሣ መጀመሪያ የምትሰማው እሱን ነው። ቃሉን በተመለከተ ደግሞ እኛ ቤት ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዕብራይስጥ ነው የሚወራው፣ ትኩረትን «ኬሼቭ» ይሉታል፣ እናቴም «ይሄ ልጅ ኬሼቭ የለውም» ትላለች፣ ልክ «ቀልብ የለውም» እንደምትለው። እና ምናልባት ቃል አትፈልጊ ይሆናል። ሰዎቹ የሚሉትን ይበሉት።

የመጣሁት ግን ሌላ ልነግርሽ ነው። አስተርጓሚውን እንዳትረሺ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ እያለ ለታናሽ ወንድሜ የወላጅ ስብሰባ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፣ አባቴና እናቴ ገና ቋንቋው አልገባቸውም። አስተማሪዋ ረጅም አወራች። ልጁ ብልህ ነው፣ ግን አንድ ነገር ላይ መቆየት አልቻለም፣ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው አለች። እኔ «ሐኪም» የሚለውን ዘለልኩት። አባቴ ያን ሰሞን ሥራ አጥቶ ነበር፣ ፊቱን አየሁትና አልቻልኩም። «ትንሽ ይረብሻል፣ ግን ጎበዝ ነው ብላለች» አልኩ። አባቴ ተነሥቶ የአስተማሪዋን እጅ ይዞ አመሰገናት። እሷ ግራ ገባት። ወንድሜ በሃያ ስድስት ዓመቱ ኮሌጅ ሲገባ ነው የታወቀለት፣ ራሱ ሄዶ።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለእሱም። ለምን እዚህ እንደጻፍኩት አላውቅም። ቴአትርሽ ውስጥ ብትፈልጊ አስገቢው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከነታንያ፣ አነበብኩትና ስልኩን አስቀመጥኩት። አመሰግናለሁ። ግን ያንን ትዕይንት ያለ አንቺ ፈቃድ በደንብ ሳላስብበት አላስገባውም፣ የአንቺ ነው። እኛ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነበርን፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ብዙ ወረቀት በአማርኛም ያወጣሉ፣ ለስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቀን መጥታልናለች፣ ልጄ ላይ አልወደቀም። ለሌሎቻችሁም፣ አሜሪካ ካላችሁ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እኔ እንግሊዝኛው አያቅተኝም፣ ግን «504 ፕላን» ምን እንደሆነ በአማርኛ ሲነገረኝ ነው የገባኝ። ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ለፈተና ጊዜ መጨመር፣ መሃል ላይ ተነሥቶ ውኃ እንዲጠጣ መፍቀድ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

መጋረጃ፣ ጫማውን ወሰድኩት። ጌቾ፣ አልተቀየምኩም፣ እውነትህን ነው። ነርሷ፣ ያልሺውን ስህተት ሁሉ ሠርቼ ነበር፣ ሐውልቱን ጨምሮ።

ዮኒ ዘ አዳማ

ይሄን ሁሉ እስከዚህ ያነበበ ሰው የትኩረት ችግር የለበትም፣ ነፃ ናችሁ 😂

የምሬን ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሪታሊን ስሙን ከየት እንዳመጣው ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠራው ኬሚስት ፓኒዞን ይባላል። የሚስቱ የቁልምጫ ስም ሪታ ነበር፣ መድኃኒቱን ስትወስድ ቴኒስ ጥሩ ተጫወትኩ ስላለችው በእሷ ስም ጠራው። የቤት ሰው ስም ይዞ የቤት ጠብ ሆነ።

መጋረጃ

ዮኒ፣ ይሄ ለአባትየው ይሁን። እንቅልፍ አልወስድ ብሎት ሌሊት ስልኩ ላይ ሲፈልግ ያገኘው ይሁን። ጠዋት ለሚስቱ ያንን ብቻ ነው የሚነግራት፣ «ሚስቱ ናት አሉ ሪታ» ብሎ። እሷ ጫማ እየፈለገች ናት፣ አትሰማውም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ እንዳደረ ተመልካቹ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጌቾ ያለው «አጭሯን መወርወር» እንደዚህ ነው የሚታየው፣ ንግግር አትጻፊለት።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። አዲሱን ጽፌ ጨርሻለሁ።

ልጁ አይታይም። ድምፁ አለ፣ ጫማው አለ። ያ ቀጭኑ ልጅ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ አሁን ግን ከጎን ቆሞ ነገር መወርወሩን ወዶታል። ባለፈው ንባብ ሰዉ ሁለት ቦታ ሳቀ፣ ሁለቱም ቦታ ላይ እኔም ሳቅኩ። አያትየዋ ከጠበል መልስ ሐኪሟን የምታገኝበት ትዕይንት አለ፣ ልጁ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚራብ፣ ምን ስታወራለት እንደሚቀመጥ ለሐኪሟ የምትነግራት እሷ ናት፣ አባትና እናት አያውቁትም። የቴአትሩን ስም «ቀልብ» አልኩት። ሌላ አልመጣልኝም።

ግን የመጣሁት የቅጹን ነገር ልነግራችሁ ነው።

የቅጹን ትዕይንት ነርሷ እንዳለችው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት። እናትየዋ ታነባለች፣ አባትየው ይመልሳል። «የተባለውን እንደማይሰማ ሆኖ ይታያል?» «አንዳንዴ።» «ዕቃ ይጥላል?» «አንዳንዴ።» እሷ «ብዙ ጊዜ እንጂ፣ ጫማውን እየፈለግኩ እኮ ነው የማነብልህ» ትለዋለች። እስክሪብቶውን ይነጣጠቃሉ። እኛ ቤት እንደዚያ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእህቴም ለጓደኞቼም ስናገር የኖርኩት እንዲህ ነው፣ እሱ አንዳንዴ፣ እኔ ብዙ ጊዜ።

ለባሌ ሰጠሁት፣ ጌቾ አባትየውን ካለ ወዲህ ሳላሳየው መድረክ ላይ ማውጣቱ ደስ አላለኝም። እሑድ ጠዋት ቡና እየጠጣ አነበበው። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «እኔ አንዳንዴ አላልኩም» አለኝ። ብለሃል፣ አላልኩም፣ ብለሃል። ተጣላን እንግዲህ፣ ስለ ቴአትር። ተነሥቶ ጋራዥ ገባ። የልጁን ወረቀት ሁሉ ያስቀመጥንበት ሳጥን አለ፣ ክትባቱ፣ ሰርተፊኬቱ፣ ምኑ። ግማሽ ሰዓት አገላብጦ ኮፒውን ይዞ መጣ። ለየብቻ ሙሉ ተብለን ሁለት ቅጽ ነበር የሞላነው፣ እኔ ይሄንንም ረስቼዋለሁ።

በእሱ ጽሕፈት ያለው ላይ «ብዙ ጊዜ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» ነው የተከበበው። «አንዳንዴ» የሞላው የኔው ነው። ሁለት ቦታ ላይ «ብዙ ጊዜ» አክብቤ ሰርዤ «አንዳንዴ» አድርጌዋለሁ። ስርዙ ይታያል።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር። እሱም አላለም። ወረቀቱን ቡናው አጠገብ አስቀምጦ «ረከቦቱን አንሺው እንዳይፈስበት» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ያንን ቀን አስታውሳለሁ ብዬ እምል ነበር እኮ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ቀጠሮ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ላይ ነገሩን ያሳነስኩት ግን እኔው።

እና ትዕይንቱን ገለበጥኩት። አሁን የምታነበው እናትየዋ ናት፣ «አንዳንዴ» የምትለውም እሷ ናት፣ አባትየው «ብዙ ጊዜ» ብሎ በቀስታ ሲያርማት ጫማውን እጇ ላይ ይዛ ትቆማለች። ከጓዳ ልጁ «እማዬ አገኘሽው?» ይላል። መብራት ይጠፋል። ጥሩ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ ማንበብ አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ።

ልጄ ደግሞ ሰምቶ «እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ። አንተ አይደለህም፣ ስለ እኛ ነው አልኩት። «ታዲያ ጫማው የኔ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ጫማው የእሱ ነው፣ የድሮውን ነው የወሰድኩት። ሃያ ዶላር ኪራይ ጠይቆኛል።

አሁን የቀረን አባትየውን የሚጫወት ሰው ነው። የነበረው ሰውዬ ሥራው ወደ ሌሊት ተዛወረበት። ባሌን ጠየቅኩት፣ በሳቅ አባረረኝ። ከአርባ በላይ የሆነ፣ አማርኛው ጥሩ የሆነ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ መድረስ የሚችል ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ልምድ አያስፈልግም። ብዙ ቃልም የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው የሚለው።

ጌቾ ቨርጂኒያ

ፓርኪንግ አለው?